የሚያስቀው ሌላ፣ የሚጎዳው ሌላ

ለፕሮግራመሮች ከቀረበ ንግግር የተሰናዳ ጽሑፍ

እንደምን አመሻችሁ። መግቢያ ሳላበዛ ወደ ኮዱ ልግባ። ስክሪኑ ላይ የምታዩት የቁጥርን ምልክት የሚገለብጥ ፋንክሽን ነው፤ ፖዘቲቭ ሲሰጡት ኔጋቲቭ፣ ኔጋቲቭ ሲሰጡት ፖዘቲቭ ይመልሳል። በየትኛውም ቋንቋ የሚጽፍ ሰው እንዲከታተለው በአማርኛ አስቀምጬዋለሁ።

ምልክት ገልብጥ (ሀ)፦
— ሀ ከ0 ካነሰ፣ ሀ = የሀ ፍጹም ዋጋ
— አለዚያ፣ ሀ = ሀ − (ሀ × 2)
— ሀን መልስ

ከኋላ ያላችሁት ቀድማችሁ ሳቃችሁ። «ሀ = −ሀ» ተብሎ በአንድ መስመር የሚያልቀው ነገር ቅርንጫፍ ወጥቶለት፣ በ2 ተባዝቶ፣ ተቀንሶ። ለቀልድ የፈጠርኩት እንዳይመስላችሁ፤ የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ሲጠቀምበት በነበረው ሆራይዘን በተባለ የሒሳብ ሥርዓት ውስጥ የነበረ ኮድ ነው። ሥርዓቱን የሠራው በኋላ በፉጂትሱ ስም የተጠራው አይሲኤል ነው። የኮዱን ጥራት የገመገመ የውስጥ ሪፖርት ይህንኑ ፋንክሽን ለመጥፎ አጻጻፍ ማሳያ አድርጎ ጠቅሶታል። ሥርዓቱ በሰዎች ላይ ያደረሰውን ጉዳት የሚያጣራው ጉባኤ ሰነዱን አደባባይ ካወጣው በኋላ ደግሞ የዓለም ፕሮግራመር እየተቀባበለ ሳቀበት።

ከሳቁ ቀጥሎ ያለውን ሥራ እንሥራ። 7 ስጡት፤ 7 ሲቀነስ 14፣ −7 ይወጣል። −7 ስጡት፤ 7 ይወጣል። 0 ስጡት፤ 0። ትክክል ነው! የሚሰበርበትን ቦታ ለማግኘት ወደ ቁጥሩ ዓይነት መውረድ ያስፈልጋል። ሀ ምልክት ያለው ባለ16 ቢት ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ቢሆን የሚይዘው እስከ 32,767 ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከ16,384 ጀምሮ «ሀ × 2» የሚለው ከአቅሙ ያልፋል። የመጨረሻው መልስ በደንብ ይገባ ነበር፤ መሃል ላይ ያለው ስሌት ግን አይገባም። እንግዲህ ይህ ፋንክሽን አስቀያሚ ነው፣ በጠባብ ሁኔታም ሊሰበር ይችላል። በተለመደው ቁጥር ላይ ግን አይዋሽም።

ሆራይዘን ግን ሰው አሳስሯል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1999 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ከ900 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ የፖስታ ቅርንጫፍ ኃላፊዎች፣ ሥርዓቱ «ጎደለ» ባለው ገንዘብ ጥፋተኛ ተብለዋል፤ በ2024 የወጣ ሕግ ነው የብዙዎቹን ፍርድ በጅምላ የሰረዘው። ከሥርዓቱ ጉድለቶች አንዱ ዳልሜሊንግተን በምትባል የስኮትላንድ መንደር ስም ይጠራል። የቅርንጫፉ ኃላፊ 8,000 ፓውንድ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ለማስተላለፍ ትመዘግባለች፤ ስክሪኑ አልንቀሳቀስ ይላል፤ እሷም ማንኛችንም እንደምናደርገው አስገባ የሚለውን ቁልፍ ደጋግማ ትጫናለች። እያንዳንዱ መጫን እንደ አዲስ ዝውውር ተመዘገበ፤ 24,000 ፓውንድ ልዩነት መጣ።

ይህን ስክሪንሾት አንስታችሁ ለማንም ልትልኩ አትችሉም። የሚታይ ነገር የለውማ! ጉድለቱ መኖር ሲገባው የሌለ መስመር ነው። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፦ የመመዝገቢያው ገጽ ሲከፈት አንድ ልዩ የዝውውር ቁጥር ይፈጠራል፣ ቁልፉ በተጫነ ቁጥር ያው ቁጥር አብሮ ይላካል፣ ዳታቤዙ ያንን ቁጥር ሁለት ጊዜ አልቀበልም እንዲል ተደርጎ ይሠራል። ቁልፉን በስክሪን ላይ ማደብዘዝ ብቻውን አይበቃም፤ ኔትወርክ ሲቆራረጥ አፕሊኬሽኑ ራሱ ጥያቄውን ደግሞ ሊልክ ይችላል።

ዛሬ የምላችሁ ነገር ይኸው ነው። እርስ በርስ እየተላላክን የምንስቅበት ኮድና ሰው የሚጎዳው ኮድ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። የምንስቀው ዐይን በሚያየው ነገር ነው፤ ርዝመት፣ ድግግሞሽ፣ የቫሪያብል ስም፣ «እውነት ከሆነ እውነት መልስ፣ አለዚያ ሐሰት መልስ» የሚል ዓይነት። ወይም ደግሞ አንድ ቡልያን (እውነት ወይም ሐሰት ብቻ የሚይዝ ዋጋ) እውነት መሆኑን ለማወቅ ወደ ጽሑፍ ቀይሮ ከአምስት ፊደል ማነሱን የሚቆጥር፤ በእንግሊዝኛ እውነት አራት ፊደል፣ ሐሰት አምስት ፊደል ስለሆነ ይሠራል። እነዚህ ይሠራሉ። መሥራታቸውም ነው የሚያስቀው።

አሁን ደግሞ ማንም የማይስቅበትን እንይ። የማይክሮሶፍት ዙን የሙዚቃ ማጫወቻ፣ ባለ30 ጊጋባይቱ ሞዴል፣ ዲሴምበር 31 ቀን 2008 በየቦታው በአንድ ቀን ደርቆ ቀረ። ጥፋቱ የነበረው በሰዓት ቺፑ ድራይቨር ውስጥ፣ ከ1980 መጀመሪያ ወዲህ ያለፉትን ቀናት ወደ ዓመት በሚቀይር ሉፕ ላይ ነው።

ቀን ከ365 እስከበለጠ ድረስ ድገም፦
— ዓመቱ ባለ366 ቀን ከሆነ፦
— — ቀን ከ366 ከበለጠ፦ ከቀን ላይ 366 ቀንስ፣ ዓመት ላይ 1 ጨምር
— አለዚያ፦ ከቀን ላይ 365 ቀንስ፣ ዓመት ላይ 1 ጨምር

ለኮድ ሪቪው ቢመጣላችሁ ታሳልፉታላችሁ። ስሞቹ ግልጽ ናቸው፣ አጭር ነው፣ ባለ366 ቀኑን ዓመትም አልረሳም። በእጃችሁ አስኪዱት እስቲ። ዓመቱ 2008 ላይ ደርሶ ቀን 367 ቢሆን፣ 366 ይቀነሳል፣ 1 ይቀራል፣ ዓመቱ 2009 ይሆናል፣ ሉፑ ይወጣል። ቀን 365 ቢሆን መጀመሪያውኑ አይገባም። ቀን 366 ሲሆንስ? ከ365 ስለሚበልጥ ይገባል። ዓመቱ ባለ366 ነው፤ ይቀጥላል። 366 ከ366 አይበልጥም፤ ምንም አይቀነስም። ወደ ላይ ይመለሳል። ከ365 ይበልጣል፤ ይገባል። እንዲህ እያለ ባትሪው እስኪያልቅ ይዞራል። ማይክሮሶፍት የሰጠው ምክርም ቃል በቃል ይኸው ነበር፦ ባትሪው ተሟጦ ይለቅ፣ በግሪንዊች ሰዓት ጃንዋሪ 1 እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ቻርጅ አድርጋችሁ ክፈቱት። ዙን ገበያ ላይ የወጣው በ2006 ስለነበር 2008 ያገኘው የመጀመሪያው ባለ366 ቀን ዓመት ነው፤ ከዚያ በፊት ስህተቱ የሚገለጥበት አጋጣሚ አልነበረም። 365፣ 366፣ 367። ሦስት ቁጥር ብቻ የሞከረ ቴስት ይይዘው ነበር።

በ2014 አፕል የሰርቨርን ማንነት በሚያረጋግጥ ኮዱ ውስጥ ያረመው ስህተት ደግሞ ከዚህም ያጥራል።

ፍተሻው ካልተሳካ
— ወደ መውጫው ዝለል
— ወደ መውጫው ዝለል
ፊርማውን አረጋግጥ
መውጫ፦ የስህተቱን ቁጥር መልስ

አንድ መስመር በስህተት ሁለቴ ገብቷል። በሲ ቋንቋ ቅንፍ ካልተደረገ «ከሆነ» የሚለው የሚገዛው የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ቢጻፍም ሁልጊዜ ይፈጸማል። እናም ፍተሻው ቢሳካም ይዘላል፤ የስህተቱ ቁጥር ገና 0 ስለሆነ «ችግር የለም» ተብሎ ይመለሳል፤ የሰርቨሩ ፊርማ ግን ሳይታይ ቀርቷል። መሃል ገብቶ ሌላ ሰርቨር ነኝ የሚል ሰው ያልፋል ማለት ነው። ይህኛው ሲታይ ያስቃል፣ አልክድም። ግን ልብ በሉ፤ ቅንፍ ሁልጊዜ የማድረግ ልማድ፣ ወይም ኮምፓይለሩ የማይደረስበትን ኮድ እንዲያስጠነቅቅ ማብራት፣ ወይም ሆን ተብሎ በተበላሸ ፊርማ የሚሞክር አንድ ቴስት፤ ከሦስቱ አንዱ ይበቃ ነበር።

ተቃራኒውም አለ። ኩዌክ 3 በተባለው ጌም ኮድ ውስጥ የካሬ ሥር ግልባጭን የሚያሰላ ፋንክሽን አለ። የዴሲማል ቁጥሩን ቢቶች እንዳሉ እንደ ኢንቲጀር ያነባል፣ በ2 ያካፍላል፣ ያንን 1,597,463,007 ከሚባል ቁጥር ላይ ይቀንሳል። ከጎኑ ያለው ኮመንት በአደባባይ የማይደገም ስድብ ነው። ኮዱ በ2005 ሲለቀቅ ያልገባቸው ሳቁ፣ የገባቸው ደነገጡ፤ አንድ ዙር የኒውተን ማስተካከያ ተጨምሮበት ስህተቱ ከ0.18 በመቶ በታች ነው፣ ለዚያ ዘመን ፕሮሰሰርም በጣም ፈጣን ነበር። ስለዚህ መልኩን አይቶ መፍረድ በሁለቱም በኩል ያሳስታል።

ሆን ብሎ አስቀያሚ ኮድ መጻፍ ራሱን የቻለ ባህል መሆኑን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በ1972 በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ዶን ዉድስና ጄምስ ላየን ኢንተርካል የተባለ የቀልድ ቋንቋ ፈጠሩ። ትእዛዞቹ መሃል በበቂ መጠን «እባክህ» ካላላችሁ ኮምፓይለሩ ባለጌ ናችሁ ብሎ አይቀበልም፤ ካበዛችሁት ደግሞ አጎብዳጅ ናችሁ ብሎ አይቀበልም። ከአምስት አንድ እስከ ከሦስት አንድ መሆን አለበት፤ 30 ትእዛዝ ካላችሁ ከ6 እስከ 10 «እባክህ» ማለት ነው። የእኛን ደጅ ጥናት የሚያውቅ ሰው የጻፈው ነው የሚመስለው። በ1984 ደግሞ ላንደን ከርት ኖልና ላሪ ባሰል የማይነበብ የሲ ኮድ ውድድር ጀመሩ። ካነሳሷቸው ነገሮች አንዱ ቦርን ሼል የተባለው የትእዛዝ መቀበያ ፕሮግራም ኮድ ነው፤ ስቲቭ ቦርን አልጎል የተባለውን የቆየ ቋንቋ ስለሚወድ በማክሮ ሲን አልጎል አስመስሎ ጽፎት ነበር። የዚህ ውድድር ጨዋታ ከስክሪንሾት ቀልድ የሚለየው ጸሐፊው የሚያደርገውን አሳምሮ ማወቁ ነው።

ወደ መላላኩ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በቴሌግራም ግሩፕ ኮድ ፎቶ አንስቶ «እዩልኝ» ማለት የሥራ ቀናችን አካል ሆኗል፤ ክፉ ነገርም አይደለም። ግን የምትልኩት ፎቶ ውስጥ የዳታቤዝ ፓስወርድ፣ የኤፒአይ ቁልፍ፣ የሰርቨር አድራሻ፣ የደንበኛ ስልክ ቁጥር፣ ከጎን በኩል ደግሞ የፋይሎቹ ዝርዝርና የጸሐፊው ስም ይገኛል። ብዥ ማድረግ አይበቃም። ፊደሉ የታወቀና አጭር ከሆነ ከብዥታው ውስጥ መልሶ ማውጣት ይቻላል፤ ሙሉ በሙሉ በጥቁር መሸፈን ወይም ጭራሹን እንደገና መጻፍ ይሻላል። ቁልፍ አንዴ ከወጣ ደግሞ መልእክቱን ማጥፋት ዋጋ የለውም፤ ቁልፉን ሰርዞ አዲስ ማውጣት ብቻ ነው መፍትሔው። የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው ጊት ላይም ያው ነው፦ በቀጣዩ ኮሚት (የለውጥ ምዝገባ) ብታጠፉትም ታሪኩ ውስጥ ይቀመጣል።

ኮዱን ወደ 10 ወይም 15 መስመር አሳጥሩት። የድርጅቱን ቃላት አውጡ፤ «የብድር ወለድ» የሚለውን «መጠን» በሉት። ካሳጠራችሁ በኋላ ግን ሮጦ እንደሚሰበር እንደገና አረጋግጡ፤ ሲያሳጥሩ ሳያውቁ ማስተካከል የተለመደ ነው፣ ከዚያ ግሩፑ ግማሽ ሰዓት በሌለ ባግ ላይ ይከራከራል። የጻፈውን ሰው ስም አትጥሩ። ይህን የምለው ለጨዋነት ብቻ አይደለም። ያ መስመር ለምን እንደዚያ እንደተጻፈ የሚያውቀው አንድ ሰው ነው፤ ያ ሰው በአደባባይ ከተሳቀበት በኋላ ውሃ የሚያነሳ ምክንያት ቢኖረው እንኳ አይነግራችሁም። በ1975 በወጣው ስድስተኛው የዩኒክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እትም ውስጥ «ይህን እንድትረዱት አይጠበቅም» የሚል ኮመንት አለ፤ ለዓመታት የትዕቢት ምሳሌ ተደርጎ ሲሳቅበት ኖረ። ከዩኒክስ ሠሪዎች አንዱ ዴኒስ ሪቺ በኋላ ያስረዳው ግን «ፈተና ላይ አይመጣም» ለማለት እንደነበረ፣ ዋናው ችግርም እነሱ ራሳቸው እዚያ ቦታ የሚሆነውን በደንብ አለመረዳታቸው እንደነበረ ነው።

ከሁሉም በላይ፣ ኮዱን ስትልኩ የሚሰብረውን ግብአት አብራችሁ ላኩ። ያ ከሌለ የላካችሁት ስለ አጻጻፍ ጣዕም ነው። በዚህ መንገድ ከራሳችን ቤት ሁለት ልጨምርና ልጨርስ።

አንደኛው ሰዓት ነው። የዓለም አቀፉን ሰዓት ወደ እኛ ለመቀየር «(ሰዓት − 6) ቅሪት 12» ብሎ የሚጽፍ አለ፤ ቅሪት ማለት ለ12 ሲካፈል የሚተርፈው ነው። ከጠዋቱ 7 ስጡት፣ 1 ይላል፤ ልክ ነው። ከሌሊቱ 3 ስጡት። ፓይተን ላይ −3 ቅሪት 12 ማለት 9 ስለሆነ 9 ሰዓት ይላል፤ ልክ ነው። ያንኑ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ጃቫስክሪፕት፣ ጃቫ ወይም ፒኤችፒ ውስጥ ብትከቱት −3 ይመልሳል፤ እነዚህ ቋንቋዎች የቅሪቱን ምልክት ከተካፋዩ ነው የሚወስዱት። «ከሌሊቱ −3 ሰዓት» የሚል ደረሰኝ ይወጣል። መቀነስን ትታችሁ 6 ጨምሩ፤ (ሰዓት + 6) ቅሪት 12፣ ውጤቱ 0 ከሆነ 12 በሉት። ከጠዋቱ 6 ስትሰጡት 12 ካልመጣ የመጨረሻዋን ረስታችኋል።

ሁለተኛው የባሰ ነው፤ የኢትዮጵያን ቀን እንዳለ በቀን ዓይነት አምድ ውስጥ ማስቀመጥ። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ነው፣ ስለዚህ ጥቅምት 30 ቀን 2016 «2016፣ ወር 2፣ ቀን 30» ተብሎ ይገባል። ዳታቤዙ ይህን የሚያነበው ፌብሩዋሪ 30 ብሎ ነው። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ አልቀበልም ይላል፤ መልካም ነው፣ ቢያንስ ትሰማላችሁ። ማይኤስኪውኤል የተባለው ደግሞ ጥብቅ ሞዱ (የተሳሳተ ዋጋ የሚከለክለው ቅንብር) ከጠፋ በማስጠንቀቂያ ብቻ ሁሉንም ዜሮ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ጃቫስክሪፕት ደግሞ ዝም ብሎ ወደ ማርች 1 ያሸጋግረዋል፤ መልሳችሁ ስታነቡት ኅዳር 1 ነው። በ2017 ደግሞ ፌብሩዋሪ 28 ቀን ብቻ ስለሆነ ጥቅምት 29 ኅዳር 1፣ ጥቅምት 30 ኅዳር 2 ይሆናሉ። ጳጉሜን 5 ቀን 2016ን ስጡት፤ 13ኛ ወር ስለማያውቅ ወደ ጃንዋሪ 5 ቀን 2017 ያልፋል፣ ማለትም መስከረም 5። የመክፈያ ቀነ ገደብ ከሆነ አምስት ቀን ተሰጠ፤ የወለድ መቁጠሪያ ከሆነ አምስት ቀን ተወሰደ። መስከረም 30 ላይ አንድ ቀን ብትጨምሩ ደግሞ «መስከረም 31» ይነግራችኋል፤ ይህ ነው በስክሪንሾት የሚዞረው፣ ይህ ነው የሚያስቀው።

የማይዞረው ግን ይኼ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ኅዳር 1 ሁልጊዜ 60 ቀን ነው። በዚህ ኮድ በ2016 ብትቆጥሩ ጃንዋሪ 31፣ ፌብሩዋሪ 29፣ ድምሩ 60 ይመጣል፤ በአጋጣሚ ልክ ነው፣ ቴስታችሁ ያልፋል። በ2017 ግን 31 እና 28፣ 59 ይወጣል። የ2016 ቁጥር በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 29 ያለበት ዓመት ስለሆነ ብቻ ነው ያዳናችሁ፤ በእኛ 2016 ጳጉሜን አምስት ቀን ነበረች።

ዳታቤዝ ውስጥ የሚቀመጠው የጎርጎርዮስ ቀን ይሁን፤ ወደ እኛ አቆጣጠር የሚቀየረው ለማሳየትና ከተጠቃሚ ለመቀበል ብቻ ነው። መቀየሪያውን ራሳችሁ አትጻፉ፤ አይሲዩ የተባለው ላይብረሪ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል። ጽፋችሁ ከሆነም በነዚህ ፈትሹት፦ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነው። መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023፣ መስከረም 1 ቀን 2017 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024። ጳጉሜን 6 ቀን 2016 የሚባል ቀን ስለሌለ ውድቅ መሆን አለበት፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ግን አለ፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027 ላይ ይውላል። «አዲስ ዓመት ሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ነው፣ 12 የሚሆነውም በአራት ዓመት አንዴ ነው» ብሎ በቋሚነት ለጻፈው ደግሞ መስከረም 1 ቀን 2093 ስጡት፤ በጎርጎርዮሱ 2100 ፌብሩዋሪ 29 ስለማይኖር ትክክለኛው መልስ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2100 ነው። ጥያቄ ያለው?